ወተትሽ ውሃ ነው

ወይዘሮ ጥሩነሽ ምራታቸውን በአራስነቷ ሊጠብቁ ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ ሲመጡ ቅቤ፣ የገብስ ዱቄትና ምላስ ይዘው መጡ። ቅቤውም ዱቄቱም ቶሎ አለቀ። ምላሱ ግን የሚያልቅ አልነበረም።

«ወተትሽ ውሃ ነው» አሏት ገና እንደ ደረሱ።

ሀና ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ጡቷ እየሞላ ቀሚሷን ያረጥበዋል፤ ሕፃኑ ቃለአብም ሲጠባ ጉርጉር እያደረገ መዋጡ ከጓዳ ይሰማል። ግን የመጀመሪያ ልጇ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ሴት ሰው የነገራትን ሁሉ ታምናለች፤ የሚያስለቅሳት ነገር ከሆነማ ፈጥና ታምናለች።

አማቷ የላም ወተት በጡጦ ይሰጠው ባይ ናቸው። ሀና ደግሞ ጤና ጣቢያ የነገሯትን አጥብቃ ይዛለች። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውሃ እንኳ አትስጪው፣ በፈለገ ጊዜ ሁሉ ይጥባ፣ ሽንቱ ከበዛ በቅቶታል ማለት ነው ብለዋታል። የግቢው ገመድ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሽንት ጨርቅ ተሰጥቶበት ይውላል።

ይህንኑ ብትነግራቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ገመዱን በአገጫቸው እያሳዩ፣ «አላልኩሽም? ውሃ ጠጥቶ ውሃ ይሸናል!» አሉ።

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይባላል?

ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ለምርመራ ተጠራ። አራስ ደጅ አትወጣም ተብላ ሀና ቀረች። ወይዘሮ ጥሩነሽ «ያልተጠመቀ ልጅ በፀሐይ ያዞራሉ!» እያሉ፣ እያጉረመረሙ፣ ራሳቸው ጠቅልለው ወሰዱት። ሲመለሱ ግን በኩራት ነው የተመለሱት። ነርሷ ልብሱን ይፍቱት ብትላቸው «በዚህ ብርድ? አንቺ የሰው ልጅ አይደለሽም?» ብለው አስደነገጧት። እሷም እንደ ተጠቀለለ መዝና ለጨርቁ ቀነሰች።

«ጎረምሳ ነው አለችኝ!» አሉ ለልጃቸው ለመልአኩ። የዚያን ቀን ብቻ ስለ ውሃው ሳያነሱ ዋሉ።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ ለክትባት የወሰደችው ሀና ነበረች። ልብሱን አውልቂለት ስትባል አወለቀችለት። ነርሷ መዘነችው። ደግማ መዘነችው።

«እናት፣ ምን ሆኖ ነው? ካለፈው ቀንሷል እኮ። ታጠቢዋለሽ?»

ሀና ቤት እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ሆኑ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። የቢሮ ወንበሯ ናፍቋት ነው፣ ጡቷ እንዳይወድቅባት ነው፣ እያለበች ስትደፋ በዓይኔ አይቻታለሁ አሉ። ውሃ ነው ያሉትን ወተት ደፋች ብለው ከሰሷት፤ ይህን ልብ ያለ ግን አልነበረም።

ባሏ እንኳ ጠየቃት። «እውነቱን ንገሪኝ ሀና። ትደፊያለሽ?»

«ሲሞላብኝ ነው። ያመኛል።»

«ልጁ እየቀጨጨ አንቺ ይሞላብሻል?»

እንደዚያን ቀን ባሏን ጠልታው አታውቅም፤ ይበልጥ የጠላችው ግን የራሷን ጡት ነበር። ልጁ ሲጠባ የሚያታልለው መሰላት።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቁርጡን ተናገሩ። «ላሜ ወልዳለች። ልጁን ጎጆ ወስጄ አሳድገዋለሁ። እዚህ ከተቀመጠ ትቀብሩታላችሁ።» መልአኩ አንገቱን ደፋ። ሀና ሬሳዬን ተራምዳችሁ ነው ብላ ስለ ጮኸች፣ የልጁ የክርስትና አባት ኦቦ ደቻሳ ለሽምግልና ተጠሩ።

ኦቦ ደቻሳ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጡ። ሻንጣው በሩ ሥር ተዘጋጅቶ ቆሟል። ወይዘሮ ጥሩነሽ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ መልአኩም ኪሎው መቀነሱን መሰከረ።

«አንቺስ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉ ሽማግሌው። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሀና ቃለአብን እያጠባች ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ክርክር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«ሌላ የምሰጠው የለኝም፣ ኦቦ። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። ካልበቃው...» አለችና ልጁን ከጡቷ አላቀቀችው። በከንፈሩ ጥግ ወተት ፈሰሰ። «ካልበቃው ይውሰዱት። ብቻ ይኑርልኝ።»

ተነሥታ ለአማቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተቀብለው አዘሉት፤ አንቀልባውንም አጥብቀው አሰሩ። ሀና ባዶ እጇን ይዛ ቆመች። መልአኩ ሻንጣውን አነሣ።

ኦቦ ደቻሳ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። «ቆይ እስቲ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። በመጀመሪያ ያስመዘኑት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እንጂ!»

«ያኔ ደህና ነበር?»

«ደህና? ሚዛኑን ቁልቁል ነው የሳበው! እኔ እንደ እሷ ግድ የለሽ መሰልኩዎት?» ወይዘሮ ጥሩነሽ ደረታቸውን መቱ። «ያልተጠመቀ ልጅ ያለ ብረት ደጅ አይወጣም ብዬ የአያቱን ማረሻ ሆዱ ላይ በመቀነት አስሬለት ነው የሄድኩት፤ ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል እንኳ አልፈታሁለትም!»