የአባይነሽ ጥፍር

አባይነሽ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ከያዛት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ክርኗና ጉልበቷ ላይ ነጭ ቅርፊት ይወጣል፣ ይላጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለሶዶ ጎረቤቶቿ ስታስረዳ ኖራ፣ ማስረዳቱም ሰልችቷታል።

ዘንድሮ ግን የእጇ ጥፍሮች ቢጫ ሆኑ። ወፈሩ፣ ከሥጋው እየለቀቁ ይፈረፈሩም ጀመር።

በቤተ ክርስቲያን ኮንፍራንስ በመጣ ቁጥር ወጥ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአረካና ከጉኑኖ ለሚመጣው እንግዳ ቆጮ ያሸችው፣ ጎመን ያጠበችው፣ ድስት የፈተገችው በዚሁ እጅ ነው።

ባሏ ኤርካሎ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ብዙ አይናገርም። ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ የቆዳ ሐኪም ይዟት ሄደ። ሐኪሙ ከጥፍሯ ፍቆ አስመረመረ።

«ፈንገስ ነው» አላት። «ሶሪያሲስ የጎዳውን ጥፍር ፈንገስ ቶሎ ይይዘዋል። ክኒኑን ለወራት ይወስዳሉ። እጅዎ ውሃ ውስጥ እየዋለ ግን አይድንም።»

«ኮንፍራንሱ ደርሷል» አለች አባይነሽ። «ማን ያበስላል?»

ሐኪሙ ኤርካሎን አየው። ኤርካሎ ወለሉን አየ።

ክኒኑን ጀመረች። የተሰጣትን ጓንት ግን «ቆጮ በጓንት አይታሽም» ብላ አልጋ ሥር ወረወረችው።

በዚያው ሰሞን ሃይማኖት የምትባል ወጣት ሴት ወጥ ቤቱን ተቀላቀለች። ዓይኗ ከአባይነሽ ጣቶች ላይ አይነሳም ነበር።

«እትዬ፣ ያምዎታል?» አለቻት አንድ ቀን።

«አያመኝም።»

«ጎመኑን እኔ ልጠበው?»

«ተይው።»

ኮንፍራንሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አባይነሽን ጠሯት። ሰብሳቢያቸው ፀጋአብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህት አባይነሽ፣ እጅሽ እስኪድን ወጥ ቤት ባትገቢ ብለናል።»

«ሰው ተጸየፈኝ?»

ፀጋአብ ፊት ለፊቱ ያለውን ደብተር ዘጋ።

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«እሱን ተይው፣ እህቴ።»

ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ያቺ ልጅ ናት» አለች። «ጣቴን ስትቆጥር የከረመችው።»

ኤርካሎ የራት ሰሃኖቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።

ኮንፍራንሱ ሲደርስ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማማሰያው ሃይማኖት እጅ ገብቷል። ልጅቷ ሰላም ልትላት ስትመጣ አባይነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ በኋላ ሃይማኖት ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ መጣች። ሦስቱንም ጊዜ አባይነሽ ከጓዳ ሆና «ተኝታለች በላት» አለችው ባሏን። ኤርካሎ በሩ ላይ ቆሞ የታዘዘውን ተናገረ፤ ልጅቷን ግን እስከ አጥሩ ሸኛት።

ወራት አለፉ። ማብሰሉም፣ ማጠቡም የኤርካሎ ሥራ ሆነ። አባይነሽ መቀመጥ ለመደች፤ መቀመጥ እንደዚህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር። እሑድ እሑድ ከጸሎቱ መጨረሻ በፊት ሹልክ ብላ ትወጣለች፣ ማንም እጇን እንዳይጨብጥ።

በሰባተኛው ወር ጥፍሮቿ ከሥር ንጹሕ ሆነው በቀሉ። ክርኗ ላይ ያለው ቅርፊት እንዳለ ነው፤ እሱ የዕድሜ ልክ ነው። ሐኪሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ አይቶ «ፈንገሱ ጠፍቷል» አላት።

በማግስቱ ፀጋአብ ቤት ሄደች። አስር ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ድኛለሁ። ግን ሃይማኖት ይቅርታ ካልጠየቀችኝ ያንን ወጥ ቤት አልረግጥም።»

«ስለ ምኑ ነው ይቅርታው?»

«ለእናንተ ስለነገረችው።»

ፀጋአብ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ሃይማኖትማ ከወጥ ቤቱ አትነሳም ብላ ተከራከረችልሽ» አላት። «እጇን ከውሃ አውጡልኝ ብሎ እግራችን ላይ የወደቀው ኤርካሎ ነው።»