«ተነሺ እንጂ፣ እመቤቴ!»

ባሏ በሕይወት ሳለ ማለዳ ማለዳ የሥራ ክፍሉን በር ዘግቶ፣ «ተነሺ እንጂ፣ እመቤቴ! አታስለምኚኝ» ሲል ስትሰማ፣ ሌላ ሴት በስልክ የሚቀሰቅስ ይመስላት ነበር። አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ከቀበረችው በኋላ ግን ጥርጣሬው እንቅልፍ ነሳት፤ የዚያችን ሴት ፎቶግራፍ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጎ እንዲያወጣላት ጠጋኝ ጠራች።

ኮምፒውተሩ ግን አልነሣ አለ። ማራገቢያው ጥቂት ይዞርና ጸጥ ይላል፤ ስክሪኑም እንደ ጠቆረ ይቀራል። «ይቺ ደግሞ እንደ ሙሽራ መሽኮርመም ታበዛለች፣ እትዬ» አለ ጠጋኙ ተንበርክኮ። ሣጥኑን ወደ መስኮቱ ሲያዞረው፣ ጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ የመዳፍ ቅርጽ የያዘ ስፍራ ታየ። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን መረመረና መልሶ ገጠመው። «ልክ ከዚህ ጀርባ ያለው ሽቦ ላልቷል። እዚህ ጋ ካልተጫኗት አትነሣም። ጋሼ ዘዴው ገብቷቸው ኖሯል፤ በየቀኑ እያባበሉ ነበር የሚያስነሷት።»

እጇን በዚያ ቅርጽ ላይ አኖረች። ጣቶቿ ከባሏ ጣቶች ፈለግ አጠሩ፤ ብረቱም አሁን እጅ የተነሣበት ያህል የሞቀ መሰላት። የማስነሻ ቁልፉን ተጭና፣ «ተነሺ እንጂ፣ እመቤቴ» አለች በሹክሹክታ፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ግን የእሱ ነበር። ስክሪኑ በራ።

«ሽቦውን ላጥብቀው? ከእንግዲህ እመቤቲቱ ሳያስለምኑ ይነሣሉ» ብሎ ሳቀ ጠጋኙ።

«አይሆንም፣ እንዳለ ተወው» አለችው።

ፎቶግራፍ ሳትፈልግ ኮምፒውተሩን አጠፋችው።