የሰኞው ብልቃጥ

እመት አፍንጫ ማሽተት ካቆመች ሰንብታለች። ይህን ግን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ስሙን ያወጡላት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት በሚጨመቅበት በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ሥራዋ ማሽተት ነበር። ብልቃጡን ከፍታ አንዴ ሳብ ካደረገች፣ ልጣጩ አድሮ የተጨመቀ እንደሆነ፣ መጭመቂያው ግሎ ዘይቱን አበላሽቶት እንደሆነ ትናገራለች። እሷ «ይሂድ» ያላለችው በርሜል ከግቢ አይወጣም። ጡረታ ስትወጣ ባለፋብሪካው፣ «እግርሽን አሳርፊ፤ አፍንጫሽን ግን አልለቅም» ብለው አሳቋት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ናሙናው እቤቷ ድረስ ይመጣላት ጀመር።

ባለፈው የብርድ ወራት ክፉ ጉንፋን ጣላት። ጉንፋኑ ሲለቃት ሽታን ይዞባት ሄደ። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። ሳሙናውን አሸተተች፤ ያረረውን ድስት አሸተተች፤ የሟች ባሏን ኮት አሸተተች። ሁሉም ባዶ ነበር። ኮቱ ላይ ስትደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ለባለፋብሪካው ግን አልነገረቻቸውም። ልጅ አልወለደችም፤ ያለቻት አንዲት እህት ሩቅ አገር ናት። ከሰኞ እስከ ሰኞ በሯን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም። አፍንጫዬ ሞቷል ብትላቸው ከእንግዲህ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ስለዚህ ብልቃጡን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ያሰበች ትመስላለች፣ ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ይሂድ» ትላለች።

እሳቸውም አይከራከሯትም። ድሮ «እስቲ ድገሚው» እያሉ መግቢያ መውጫ የሚያሳጧት ሰውዬ፣ አሁን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እንደ በፊቱ ሾፌር አይልኩም፤ ራሳቸው እያለከለኩ ደረጃውን ይወጣሉ። ዘመናቸውን ሙሉ ጥፍራቸው ሥር የኖረው የልጣጭ ቢጫ እየለቀቀ መጥቷል። እርጅና ነው፣ አለች በሆዷ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ጨዋታም ወደዋል። አባታቸው ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን ልጣጭ በጋሪ እየለቀሙ ሥራውን እንዴት እንደጀመሩት፣ መጭመቂያ ሳይገዛ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰልፎ ልጣጩን በእጁ እየጨመቀ ዘይቱን በስፖንጅ እንዴት ይሰበስብ እንደነበር ይተርኩላታል። በቃሏ ታውቀዋለች። እንደ አዲስ ትሰማቸዋለች።

ከናሙናው የተረፈው የእሷ ነው። ቤቷን የምታሳምረው በእሱ ነው፤ ጥቂት ጠብታ በወለል ማጠቢያው ውሃ፣ ጥቂት በጨርቅ አድርጋ ለጠረጴዛው፣ በጥጥ ነክራ ብል እንዳይገባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ። የመስኮቱን ጠርዝ ደግሞ ለጉንዳን ትቀባዋለች። የብርቱካን ዘይት ባለበት ጉንዳን ዝር አይልም።

ዘንድሮ ግን ዝር አለ። አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት፣ ተሰልፎ የቀባችውን እየረገጠ ሲያልፍ አየችው። ጠረጴዛው ከመወልወል ብዛት ይብስ አቧራ ይለጠፍበት ጀምሯል። ቁም ሳጥኑን ብትከፍት፣ ጥጡ የባሏ ኮት ላይ ቅባት ጥሎበታል።

ኮቱን ይዛ ምድር ቤት ወደምትሠራው ልብስ ሰፊ ወረደች። ልብስ ሰፊዋ እድፉን በጣቷ እያሸች፣ ልታስለቅቅላት እንደምትሞክር ነገረቻትና፣ «ምነው ግን ብርቱካኑን ተውሽው?» አለቻት። «ድሮ እኮ ደረጃው ሁሉ ያንቺን ቤት ይሸት ነበር።»

እመት አፍንጫ ኮቱን እዚያው ትታ ደረጃውን ወጣች። በሯን ዘጋች። ከናሙናው አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋ መስኮቱ ዳር አኖረችው። የልጣጭ ዘይት ከሆነ በኖ ይጠፋል፤ በወረቀቱ ላይ የሚተወው ምልክት እምብዛም አይታይም። በማግስቱ ጠዋት ጠብታው እንዳለ አፍጥጦ ጠበቃት። የምግብ ዘይት ነበር።

ነገሩ አሁን ተገለጠላት። ሰውዬው የምግብ ዘይት እየቀላቀሉ፣ በእሷ «ይሂድ» ለሳሙና ሠሪውም ለከረሜላ ሠሪውም ይሸጣሉ። አፍንጫዋ እንደሞተ ነቅተውባታል፤ የማይከራከሯት ለዚህ ነው፤ ሾፌር የማያስገቡበትም ለዚህ ነው። ስሟ መበላሸቱ አንድ ነገር ነው። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ሻይ ማዘናጊያ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ዝም ብትል ሰኞ ይኖራል። ብትናገር ሰኞ የለም። ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች።

ሰኞ መጡ። ኮታቸውን ሰቀሉ፤ ብልቃጡን ከኪሳቸው አውጥተው ፊቷ አስቀመጡት። አልከፈተችውም።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሄድም» አለች። «የምግብ ዘይት ነው።»

ይቆጣሉ፣ ወይ ኮታቸውን አንስተው ይወጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ብልቃጡን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ፋብሪካውን ከሸጥኩት ቆየሁ» አሉ በመጨረሻ። «መጭመቂያውንም ነቅለው ወሰዱት። ይሄን የምሞላው እቤቴ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ካንቺ ሌላ ማንም ዘንድ አይደርስም።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን አሽትተሽ ያወቅሽብኝ፣ መምጣቴን እንዳልተው ብለሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»