ሙጫ አይደለም

ሽማግሌው ፕሮፌሰር አጥንት ይልሳሉ። ምላስ ላይ ከተጣበቀ የጥንት አጥንት፣ ካልተጣበቀ ተራ ድንጋይ ነው። በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ከረሜላ አላምጠው ሊውጡት ምንም አይቀራቸው። በምራቃቸው የራሰውን ተቀብላ የምታጸዳው ደግሞ ምክትላቸው ናት። አብራቸው መሥራት ከጀመረች ወዲህ ምሳ በወጉ በልታ አታውቅም።

አሁን ከአንድ ቡናማ ጓል ውስጥ ሦስት ስብርባሪ አጥንቶች ወጥተው፣ አዲስ የዳይኖሰር ዝርያ ሊባሉ ነው።

«መንጋጋው የእንሽላሊት፣ ጣቱ የወፍ ይመስላል» አሉ ፕሮፌሰሩ ከንፈራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እንዲህ ያለ ፍጥረት ታይቶ ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

በሆዷ ግን ሌላ ነገር ይዛለች። የአጥንቶቹ ጠርዝ አልቆ እንደ ተረፈ ሳሙና ልሟል። ቡናማው ነገርም የተገኘበትን ድንጋይ አይመስልም። ሰውየው ከየትም ለቃቅመው በሙጫ አጣብቀውት ቢሆንስ? ግኝቱን በሚያሳውቀው ጽሑፍ ላይ የእሷም ስም አለ። ጉዱ ከወጣ የዕድሜ ልክ ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ከጓሉ ጥቂት ፈቅፍቃ ለአንድ የምታውቃቸው ኬሚስት ወሰደችላቸው። ኬሚስቱ «ሽንት ቤት» ለማለት እንኳ ይቅርታ የሚያስቀድሙ፣ ጨዋነት ያደከማቸው ሰው ናቸው።

«ሙጫ መሆኑን ብቻ ይንገሩኝ ጋሼ። ለማንም እንዳይተነፍሱ።»

ይፋ የሚሆንበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ በጋዜጠኛ ጢም አለ። ፕሮፌሰሩ እጇን ይዘው መድረክ ላይ አወጧት።

«ዝርያው በዚች ልጄ ስም ይጠራል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግን ደሟ ፈላ። ነገ ጥፋቱን በእኔ ሊያላክኩ ነው አለች በልቧ። ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ወደ ጥግ ዞር ብላ አነሳችው።

«ሙጫ አይደለም የኔ እህት» አሉ ኬሚስቱ። «ይቅርታ አድርጊልኝና...»

ቀሪውን ጭብጨባው ዋጠው። የደረሳት «ምድር ነው» የሚለው መጨረሻው ብቻ ነበር።

ምድር! አፈር ነዋ! እፎይ አለች። ንጹሕ ሰው ስታማ መክረሟ አሳፈራት።

«በይ አንቺም ላሺውና ሰው ይይልን!» ፕሮፌሰሩ ጓሉን ዘረጉላት። ገና ከምራቃቸው አልደረቀም። ቀፈፋት። ቢሆንም ለሐሜቴ ካሳ ይሁን ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከዳር እስከ ዳር ላሰችው። ምላሷ ላይ ሙጭጭ አለ። ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

ከመድረክ ስትወርድ ኬሚስቱ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ።

«ስልኩ ተቋረጠ። ሰምተሽኛል አይደል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ምድር ነው አሉኝ።»

ኬሚስቱ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ይቅርታ አድርጊልኝና የኔ እህት፣ የአውሬ ዓይነ ምድር ነው ያልኩሽ።»