የተዋሰችው ጉልበት

የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ድካሙ ግን ከትርሲት ላይ አልወርድ አለ። ጉልበት ከሰው መዋስ ከተቻለ ወዲህ ታናሽ እህቷ ውብዓለም ማለዳ ማለዳ ትመጣለች። ሁለቱም ጉልበት የሚያሻግር አምባር ያጠልቃሉ፤ ውብዓለም ሶፋው ላይ ዘፍ ትላለች፣ ትርሲት ትነሳለች።

ዛሬ እንደተነሳች የልጇን ፀጉር መሥራት ጀመረች። ሶልያና እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች።

"አክስቴ፣ ትንሽ ላላ አድርጊው" አለች።

"እኔ ነኝ፤ እናትሽ።"

"ውይ፣ እጅሽ የአክስቴን ይመስላል እኮ።"

ትርሲት የሠራችውን አየች። ሹሩባው ቀጭን፣ ጥብቅ ያለ፣ ወደ ጆሮ የሚዞር ነው። እሷ እንዲህ ሠርታ አታውቅም። እሷ ሆስፒታል ስትመላለስ ልጅቷን እንዲህ አድርጋ ትሠራት የነበረችው ውብዓለም ናት። ለካ ጉልበት ሲዋሱት የባለቤቱን እጅ ይዞ ይመጣል።

አምባሩን አውልቃ ወረወረችው። ድካሙ ወዲያው ትከሻዋ ላይ ተጫነ። ክንዷ እየዛለ፣ በየመሃሉ እያረፈች፣ የቀረችውን አንዲት ሹሩባ እንደምንም ጨረሰቻት። ሹሩባዋ ወፍራም፣ የላላች፣ የተንጋደደች ሆነች።

ውብዓለም ጉልበቷ ተመልሶላት ብድግ አለች፤ ሹሩባዋንም አይታ ፈገግ አለች።

"ይቺማ በር ሳትደርስ ትፈታለች። ቆይ ላስተካክላት" ብላ እጇን ዘረጋች።

ትርሲት የልጇን ጭንቅላት ወደ ደረቷ፣ ጡት በሌለው በኩል፣ አስጠጋችው።

"ሌላውን ሁሉ የሠራሽው አንቺ ነሽ" አለቻት። "ይቺን አትንኪብኝ።"