አራተኛው ቀን

በአገራችን አራት ቀን የፈጀ ፍርድ የለም። ፈራጆቹ እንደኔ ዕጣ የወጣላቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ሕጉ ደግሞ አሠሪዎቻችን ሦስት ቀን ብቻ እንዲከፍሉን ያዛል። ደመወዝ በየሰዓቱ ስለሚገባና የመብራት ሂሳብም ከሱ ላይ በየሰዓቱ ስለሚቆረጥ፣ ክፍያው ሲቆም የቤታችን ምድጃም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ደርሰናል። ተከሳሹ መጋዘን አቃጥለሃል የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያን ዕለት አብሮት የዋለው ምስክር ከመተማ የሚደርሰው ነገ ነው።

“እጅሽን አውጪና እንገላገል፤ አሥራ አንዳችን ጥፋተኛ ነው ብለናል፤ ያላንቺ ድምፅ ፍርዱ አይጸናም” አሉኝ ሰብሳቢያችን አቶ ልሳኑ።

“ምስክሩን ሳልሰማ አላወጣም።”

“የኔ ልጅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ የሁላችንም ምድጃ ይጠፋል!”

“ይጥፋ! እኔም ልብስ ሰፍቼ ሦስት ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ። የእኛ ወጥ እንዲበስል ብለን ሰው ዕድሜ ልኩን እናሳስር?”

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። የአቶ ልሳኑ ስልክ ጮኸ፤ ባለቤታቸው ናቸው።

“ምድጃው ጠፋ! ሽሮው ገና አልተንተከተከም!” ሲሉ ሁላችንም ሰማን።

ከወንበሬ ሥር ፌስታሌን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት። ዕጣው የወጣልኝ ዕለት፣ ምድጃዬ ሳይጠፋ ገብስ ቆልቼ ያስፈጨሁት በሶ ነው። ግማሹን ለልጆቼ ትቼላቸዋለሁ።

“ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል” አልኩ። “እሳት አይፈልግም፤ ውኃ ብቻ አምጡ።”

አቶ ልሳኑ ስልኩ ጆሯቸው ላይ እንዳለ ፌስታሉን ትክ ብለው አዩት።

“በሶ በጥብጪ” አሏቸው ባለቤታቸውን፤ “ነገም እዚሁ ነን።”