የበቀለ አገልግል

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችው ትንሽ ጣቢያ ከተዘጋች ወዲህ ባቡር አይቆምባትም። በክረምት ጎርፍ ሃዲዱን ከሥሩ በልቶት ባቡር የተገለበጠው እዚያው ነበር። የባቡሩን እሳት የሚያነዱት ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ሶማሌው ዒልሚ ተርፎ፣ ቁስሉ ሲሽር ወደ ሥራው ተመለሰ። በቀለን ውሃው ወሰደው፤ ሬሳውም አልተገኘም።

እናቱ ወይዘሮ አሰገደች ተዝካር አላወጡም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በቀለ ሳለ እንደሚያደርጉት፣ አገልግል አንጠልጥለው ወደ ጣቢያው ይወርዳሉ። በሩ ተቸንክሯል። ደወሉ ተነቅሏል። ባቡሩ መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ ያዘግምና በቀለ ሲርበው ያስጮህ እንደነበረው ሁለቴ አጠር አድርጎ ይጮሃል። ከእንፋሎቱ ውስጥ የጠቆረ እጅ ብቅ ይላል። የትናንቱን አገልግል ይጥላል፣ የዛሬውን ይቀበላል። ፊት አይታይም።

ሰው ጣቢያውን ፈራው። ግመል ነጂዎች እንኳ ዞረው ማለፍ ጀመሩ።

«ሆዮ፣ የሞተ ሰው አይበላም» አላቸው ዱዓሌ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ በቋንቋው «እናቴ» እያለ የሚጠራቸው ሶማሌ።

«ባዶውን እያየኸው?»

«ሥጋውንስ? ሁልጊዜ እንዳለ ነው የሚመልሰው።»

«ሽሮውን ጠርጎታል። የሚጾም ልጅ ነው።»

ዱዓሌ ቴምር በብዛት ባስመጣበት ወር አገልግሉ እንደሞላ ይመለስ ጀመር። መንደሩ «ነፍሱ ልትሄድ ነው» አለ። ወይዘሮ አሰገደች ግን አልደነገጡም። ወሩ ሲያልቅ እጁ እንደገና መብላቱን ቀጠለ።

ይህን የሰሙት የነፍስ አባታቸው መጡ።

«አጋንንትን እየመገቡ ነው፣ ልጄ። ተዝካሩን አውጥተው ይህን ነገር ካልተዉ ለፋሲካ አላቆርብዎትም።»

ወይዘሮ አሰገደች ቁርባን ታጉሎባቸው አያውቅም። ነጠላቸውን አጣፉ።

«የተራበ ማብላት ኃጢአት ነው፣ አባ?»

«ሰይጣን አይራብም።»

መስቀሉን ተሳለሙ።

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ቅዳሜ፣ የሠፈሩ ወንዶች ለየቤቱ ዶሮ ሲያርዱ ዋሉ። ወይዘሮ አሰገደች ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፈው ሁሉንም አልፈው ዱዓሌ ሱቅ ደጃፍ ቆሙ።

«ምነው ሆዮ፣ በስመ አብ ብሎ የሚያርድልዎ ክርስቲያን ጠፋ?» ብሎ ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። ዶሮውን አቀበሉት።

«ዘንድሮ ሥጋው እንዳይመለስብኝ ነው። አንተ እረደው፤ ቢስሚላህ በልበት።»